የሰው ችግር ለማን ያምራል?

ዊልፍሬድ ቴሲጀር አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ተወለደ። እትብቱ እኛው ዘንድ ስለ ተቀበረ ብቻ በ1959 ያሳተመውን «የዐረቢያ አሸዋዎች» ልናወድስለት አይገባም፤ ልንመረምረው እንጂ።

መጽሐፉ ደራሲው በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሩብ አል ኻሊ የተባለውን ታላቅ በረሃ ከቤዱዊኖች ጋር በግመል ሁለት ጊዜ ያቋረጠበት ታሪክ ነው። መነሻው የአንበጣ መራቢያ ፍለጋ ነበር። ረኃቡ፣ ጥሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሳቸው ተርበው ለእንግዳ የሚያቀርቡት የመንገድ ጓዶቹ ልግስና በግሩም ብዕር ተጽፏል። አንባቢ ጉሮሮው ሲደርቅ ይሰማዋል።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ቴሲጀር የኑሮ ክብደት የሰውን ጠባይ ያጠራል ባይ ነው፤ ስለዚህም መኪናና ነዳጅ ሲመጡ እንደ ሐዘንተኛ ይቀመጣል። ሐዘኑ ግን የማን ነው? እሱ በረሃውን መርጦ የገባ፣ ሲበቃው የሚወጣ ሰው ነበር። ጓዶቹ ግን እዚያው የተወለዱ ናቸው። ልጁ በትኩሳት ሲቃጠል ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ መኪና ያገኘ አባት ክብሩን ሸጠ ሊባል ነውን? ደራሲው በ1977 ተመልሶ ያየውን ለውጥ ጠላው፤ በ1990 ዳግም ሲሄድ ግን የማይቀረውን መቀበሉን አልሸሸገም።

ደግሞስ ለውጡን ያመጣው ነዳጅ ብቻ ነውን? ኢብን ሳዑድ ከ1912 ጀምሮ ቤዱዊኖችን «ሂጅራ» በተባሉ መንደሮች ያሰፍር ነበር። ዘላኑ ከታሪክ ውጭ የቆመ ሐውልት አልነበረም። በመጽሐፉ ውስጥ ሴቶችም የሉም ማለት ይቻላል። በብዙ ጎሣዎች ዘንድ ድንኳኑን ከፍየል ፀጉር የምትሸምነው፣ የምትተክለውም ሴት ናት፤ ስለ ለውጡ ምን እንዳለች ግን አንሰማም።

ይህን ጉድለት በከፊል የሚሞላልን አብዱራህማን ሙኒፍ ነው። በ1984 የወጣው የ«የጨው ከተሞች» ልቦለድ የመጀመሪያ ክፍል ነዳጅ ፈላጊዎች የአንድ የበረሃ ምንጭ ነዋሪዎችን እንዴት እንዳፈናቀሉ፣ የበረሃውም ሰው እንዴት የኩባንያ ሠራተኛ እንደ ሆነ ከውስጥ ያሳያል። ቴሲጀር ለጠፋው ውበት ሲያለቅስ፣ ሙኒፍ ማን ወሰነ? ማንስ ተጠየቀ? ያሰኘናል። የሚበልጠው ጥያቄም ይኸው ነው።

እኛስ? ቴሲጀር በ1933 እና በ1934 አዋሽን ተከትሎ የአፋርን ምድር አቋርጧል። የእኛም ከተሜ የአርብቶ አደሩን ፎቶግራፍ ሳሎኑ ሰቅሎ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ግድግዳችን ላይ የሰቀልነውን ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቀነው እናውቃለን?