የእኔ አባት አይጠጣም ነበር

ባለፈው ሰኔ ቤተሰብ ልጠይቅ ኖፓ ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅ ስለጎተተችኝ የትምህርት ቤቷ የወላጆች በዓል ላይ ተገኘሁ። ዝናቡ ረፋድ ላይ አባርቷል። ሜዳው ላይ ድንኳን ተጥሏል፣ አግዳሚዎች ተደርድረዋል፣ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ እየጮኸ ይቆራረጣል። ከሽልማቱ በፊት «አስተማሪ ድራማ» እንደሚቀርብ ተነገረ።

እዚህ አገር የተማረ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። ርዕሱ ያለዕድሜ ጋብቻ ከሆነ አባትየው ሰካራም ነው። ሱስ ከሆነ ልጁ መጨረሻ ላይ ያብዳል። ኤች አይ ቪ ከሆነ «የተሳሳተችው» ልጅ ትሞታለች። ከዚያ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ተማሪ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ምክር ይሰጣል፤ እናጨበጭባለን።

የእኔ ሥራ ሶፍትዌር ነው፣ የተማርኩትም ኢንጂነሪንግ። የቴአትር ባለሙያ አይደለሁም። ግን 10ኛ ክፍል ሳለሁ በእንዲህ ዓይነት ድራማ ላይ ሰካራሙን አባት ሆኜ ተጫውቻለሁ፤ ጢሜ ጥጥ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮዎቹን ልጆች ሳይ ትንሽ የዝምድና ስሜት ነበረኝ።

የእነሱ ድራማ 20 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የተጻፈ ድርሰት የለውም። ርዕሱን መምህርታቸው ሰጥተዋቸው፣ ትዕይንቱን ራሳቸው ከክፍል በኋላ እየተገናኙ፣ እየተናገሩና እየለወጡ ነው የሠሩት። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ልጅቷ በገጠር ቀበሌ 8ኛ ክፍል ጨርሳለች። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ከተማ ነው። የሩቅ ልጆች እንደሚያደርጉት ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ከቤቷ ስንቅ እየተሸከመች መማር አለባት። ጠያቂ መጥቷል፤ አባትየው ሊድራት ያስባል።

መጀመሪያው የለመድነው ነው። አባትየው እየተንገዳገደ ይገባል፣ ይሳደባል፣ ሕዝቡ ይስቃል። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ግን አንድ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ሌሊት ነው፤ እናትና አባት እሳት ዳር ተቀምጠዋል። እናትየው የቡናውን ገንዘብ ከመቀነቷ ፈትታ ትቆጥራለች። አባትየው አሁን አልሰከረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኪራዩን እንከፍላለን፤ ስንቁንም እንልካለን። ማታ በሯን የሚያንኳኳውን ግን ማን ያይላታል?» አለ። እናትየው ቆጠራዋን ሳታቆም፣ «ባል ያላትን ማን ያንኳኳባታል?» ብላ መለሰች።

ሳቁ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «እውነት» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ዓይነት። እኔም የጀርባዬ ፀጉር ቆመ። ምክንያቱም የድራማው ጥያቄ ይሄ ነው። ልጅቷን ከትምህርት የሚያስቀራት ጭካኔ ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ መሠረት አለው። ሜዳው ላይ ከነበርነው መካከል መልሱን የሚያውቅ ማን ነበር?

ልጆቹ ግን ሸሹት። በሚቀጥለው ትዕይንት አባትየው እንደገና ሰከረ። ጋዋን የለበሰው ልጅ ገብቶ ፌስቱላን፣ የወሊድ ችግርንና የሕጉን 18 ዓመት ዘረዘረ። ፖሊስ መጣ፣ አባትየው ተጸጸተ፣ እልልታ ሆነ። የበሩ ነገር ተረሳ።

ቋንቋውም አብሮ ተለወጠ። ድራማው በኦሮምኛ ነበር፤ እሳት ዳር ያለው ንግግር ደግሞ እናቶቻችን በየቤቱ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ጋዋን ለባሹ ሲገባ ግን ቃላቱ የመማሪያ መጽሐፍ ቃላት ሆኑ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ረዘሙ፣ ልጁም ዓይኑን ከሕዝቡ በላይ ሰቅሎ ተናገረ። ያ ክፍል የተማሪዎቹ እንዳልሆነ ለማወቅ ጆሮ ይበቃል።

በእኛ ሙያ መልሱ አስቀድሞ የተጻፈበት ፕሮግራም ያጋጥማል። ምንም ብታስገባበት የሚመልሰው አንድ ነው። ፈተናውን ያልፋል፤ ሥራ ግን አይሠራም። አስተማሪ ድራማችንም እንደዚያ ነው። መጨረሻው ቀድሞ ተወስኗል፣ ስለዚህ መካከሉ ላይ የተገኘው እውነት የትም አይደርስም።

አሁን ወደራሴ ልመለስ። እኔ ሰካራሙን አባት ስሆን ልጄ ሆና የተጫወተችው የክፍላችን ጎበዝ ነበረች። መድረክ ላይ ፖሊስ አዳናት። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት አቋረጠች፤ ተድራ ነበር። ከዓመታት በኋላ መቱ ገበያ ላይ ተገናኘን። ስለዚያ ድራማ አንስተን ስንስቅ፣ «ያኔ ድራማው ስለ እኔ መሆኑ አልገባኝም ነበር» አለችኝ። እንዴት ስላት፣ «አንተ ሰካራም ነበርክ። የእኔ አባት አይጠጣም ነበር። ይወደኝ ነበር እኮ» አለች።

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ጢም የተቀባ ጨካኝ አባት መድረክ ላይ ሳይ ዝም ብዬ ማጨብጨብ አልሆነልኝም። ጨካኝ ባሳየን ቁጥር ጨካኝ ያልሆነውን አባት ነፃ እያወጣነው ነው። ልጁን እየወደደ፣ እየፈራላት የሚድር አባት ድራማውን አይቶ «እኔ እንደዚያ አይደለሁም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጅቱም እንደዚያው።

ይሄ የኖፓ ልጆች ጥፋት አይደለም፤ የወረስነው ነው። የትምህርት ቤት ቴአትር እዚህ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። ከጣልያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ መላኩ በጎሰው ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን ሆነው ተማሪዎችን ተዋናይ አድርገዋል። ከእነሱ ቀድሞ በእንስሳት ተረት አስመስሎ የባለሥልጣኑን ብልሹነት ያሳየው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ታግዷል። የእኛ መድረክ ከሕፃንነቱ የመምህር ድምፅ አለው፤ መንቀፍ ዋጋ እንደሚያስከፍልም ቀድሞ ተምሯል። ምክር ሁልጊዜ ከጥያቄ ይልቅ አስተማማኝ ነበር።

ግን ሌላ መንገድም አውቀናል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» ታላላቆቻችን ያስታውሱታል፤ 257 ክፍል ነበረው። በኦሮምኛ ደግሞ «ዲምቢባ» ነበር። ሁለቱም ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ለቴሌቪዥን ድራማ በቀመረው ዘዴ የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዘዴ ጥሩ ሰው አለ፣ መጥፎ ሰው አለ፤ ዋናው ግን በሁለቱ መካከል የሚዋልለው ሦስተኛው ሰው ነው። አድማጩ አብሮት የሚጓዘው ከእሱ ጋር ነው፤ ይሳሳታል፣ ይፈራል፣ ይመለሳል። በትምህርት ቤት ድራማችን ይሄ ሦስተኛ ሰው የለም። ኖፓ ላይ ለአንድ ትዕይንት ብቻ እሳት ዳር ተቀምጦ አየሁት።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ደግሞ ከዚህም ገፍቶ ሄዷል። እሱ ባስጀመረው የፎረም ቴአትር ድራማው ችግሩ ላይ ሲደርስ መፍትሔ አይሰጥም። እንደገና ይጀመራል፤ ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ መድረክ ላይ ይወጣና በተዋናዩ ቦታ ሆኖ የራሱን መልስ ይሞክራል። አዲስ አበባ ላይ በጎዳና ካደጉ ወጣቶች የተነሳው አዱኛ የዳንስ ቴአትር ቡድን በሚታወቅበት ሥራ ውስጥ ይሄ ዘዴ ነበረበት። ስለዚህ ለእኛ ሕዝብ አይሆንም ማለት አይቻልም። ደግሞስ ሽማግሌ ተሰብስቦ «እስቲ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚባባልበት አገር አይደል እንዴ?

ለመምህራኑ መሟገት አለብኝ። ጊዜው አጭር ነው፣ የክብር እንግዶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ መውረድ ያስፈራል። ምክሩም ከንቱ አይደለም። የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደደነገገው እኔ ራሴ መጀመሪያ የሰማሁት ከእንዲህ ዓይነት ድራማ ነው። ሕጉን ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ ማታ በር የሚያንኳኳውን ምን እናድርገው የሚለው ሌላ ነው።

ርዕሶቹስ? ኖፓም መቱም ጎሬም ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ ቡና ሲደርስ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ክፍሉ ይሳሳል። ግማሹ ልጅ ለቀማ ላይ ነው፤ ደብተሩ የሚገዛውም በዚያው ገንዘብ ነው። ጥፋተኛው ማን ነው? ማንም። ለዚህ ይመስለኛል ስለ ቡና ለቀማ አንድም ድራማ አይቼ የማላውቀው፤ የሚታሰር ሰው የለውማ። ያለ ጨካኝ የሚሠራ ድራማ መማር ያለብን ለዚሁ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ልጆቹን አገኘኋቸውና የእሳት ዳሩን ትዕይንት ማን እንዳመጣው ጠየቅኩ። እናት ሆና የተጫወተችው ልጅ እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል። ቤት ስትሰማው የኖረችው ንግግር ነው። እኔም፣ አባትየው ጥያቄውን ከጠየቀ በኋላ ድራማውን አቁማችሁ ወላጆቹን ብትጠይቁስ አልኳት። ጓደኞቿን አየችና፣ «ካቆምንማ አላለቀም ይሉናላ» አለች።

ትንሽ ቆይታ ግን፣ «ያ አጠገብዎ የነበሩት ሽማግሌ ምን አሉ? ከመድረክ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።