ባትሪው ሲነቀል የማይጠፋው ላፕቶፕ

ጃማ ወረዳ፣ ደጎሎ ላይ መብራት ሲሄድ ኮድ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የባትሪውን ፐርሰንት ነው። ቲንክፓድ ቲ480ን የምወድለትም ለዚሁ ነው። ሌኖቮ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ላፕቶፕ ሁለት ባትሪ አለው። ከሥሩ ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች ገፋ አድርጎ የኋላውን መንቀልና ቻርጅ የተደረገ ሌላ መተካት ይቻላል፤ የውስጠኛው እስከዚያ ማሽኑን ይይዘዋል። የተከፈተው ሥራ ንቅንቅ አይልም።

የሥሩ ክዳን በተራ ካቻቢቴ ይፈታል። ብሎኖቹ ተፈትተውም እዚያው ክዳኑ ላይ ይቀራሉ፤ በጨለማ ብሎን ፈልጎ የሚያውቅ ይህን ያደንቃል። የራም ማስገቢያው ሁለት ስለሆነ በ8 ጊጋ የተገዛው 32 ይሆናል፣ ኤስኤስዲውም ይቀየራል። አንድሮይድ ስቱዲዮን ከብሮውዘር ጋር ለሚከፍት ሰው ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ጌም ላይ ብዙ አይጠበቅም፤ ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም ቦርዱ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ በተሻለ አይቀየሩም። ካውንተር ስትራይክ 1.6 ግን እንደ ልብ!

የአሜሪካው ፍሬምወርክ ኩባንያ ከ2021 ወዲህ ቦርዱ ጭምር የሚቀየር ላፕቶፕ ይሸጣል። ሐሳቡ ድንቅ ነው። እኔ ግን ለጃማ ሰው የምመርጠው መለዋወጫው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሊላክለት የሚችለውን ነው።