«የውሃ ማቀዝቀዣ» ስለሚለው ስያሜ

ለኮምፒዩተር ግራፊክስ ካርድ በቤት የሚሠራውን፣ ውሃ የሚያልፍበት ቦይ የተቀረጸበትን መዳብ «የውሃ ማቀዝቀዣ» ማለት ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ውሃ የሚቀዘቅዝበትን ዕቃ፣ ማለትም ፍሪጅን ያሳስባል። ሁለተኛ፣ መዳቡ ራሱ አያቀዘቅዝም፤ የካርዱን ሙቀት ተቀብሎ ለውሃው ያስረክባል እንጂ። የተመረጠውም ሙቀት አስተላላፊነቱ በሜትር በኬልቪን 400 ዋት ገደማ ስለ ሆነ ነው፤ የአሉሚኒየም 237 ገደማ ነው። ሙቀቱን ወደ አየር የሚያወጣው ራዲያተሩ ነው። ስያሜውን አምኖ ራዲያተሩን የሚተው ሠሪ፣ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ካርዱ ሊበላሽበት ይችላል። ስለዚህ ስያሜው ከተግባሩ ይመንጭ፤ መዳቡ «ሙቀት ተቀባይ» ይባል፤ መካኒኮች የለመዱት «ራዲያተር» ግን እንዳለ ይቀመጥ።