ዝም ያለው ዘፈን

«ማሽን ቢጮህ እንጂ አይዘፍንም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ከበሮ መቺ የለ፣ ጊታር ተጫዋች የለ፤ ሁለት ሰዎች ከሽቦ ክምር ጀርባ ቆመው ቁልፍ ይነካካሉ፤ ይኼ ምኑ ሙዚቃ ነው? ይላሉ። እኔም ኦርቢታልን ስሙ እላቸዋለሁ።

ፊልና ፖል ሃርትኖል በኬንት አውራጃ የሴቨኖክስ ልጆች፣ ወንድማማቾች ናቸው። የቡድናቸውን ስም ያገኙት ለንደንን እንደ ቀለበት ከሚዞረው ኤም 25 አውራ ጎዳና ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ወጣቱ ሌሊት ሌሊት ያልተፈቀደ ጭፈራ ፍለጋ የሚከንፈው በዚያ መንገድ ነበር። በ1989 ያወጡትን «ቻይም» የቀዱት እቤታቸው፣ በአባታቸው ካሴት መቅጃ ነው። በተከታዩ ዓመት በቢቢሲ ቴሌቪዥን ሲቀርቡም የታቸርን የነፍስ ወከፍ ግብር የሚቃወም ካናቴራ ለብሰው ነበር።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ «ሃልሲዮን»ን አስበልጣለሁ። ስሙ የእንቅልፍ ክኒን ስም ነው፤ እናታቸው ለዓመታት የዚያ ክኒን ሱሰኛ ሆነው ኖረዋል። በሙዚቃው ውስጥ የሴት ድምፅ አለ። ነገር ግን ወደ ኋላ ተገልብጦ ስለገባ አንድም ቃል አይለይም። ትናገራለች፣ የሚሰማት የለም። በክኒን የፈዘዘችን እናት ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ግጥም ማን ይጽፋል? ምቱ መደጋገሙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሱሰኛ ቀንስ ተደጋጋሚ አይደለምን?

በ1994 የእንግሊዝ መንግሥት ሜዳ ላይ የሚደረገውን የሌሊት ጭፈራ ፖሊስ እንዲበትን የሚፈቅድ ሕግ አረቀቀ። ሙዚቃውንም «ተከታታይና ተደጋጋሚ ምት» ያለው ድምፅ ሲል ተረጎመው። ወንድማማቾቹ «አር ዊ ሂር?» የተባለውን ሥራቸውን በልዩ ልዩ ቅንብር ሲያሳትሙ አንዱን ቅንብር በረቂቁ ስም ሰየሙት። ሲከፈት አራት ደቂቃ ያህል ጸጥታ ብቻ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን፤ የእነሱ ዝምታ ግን ከጥንቃቄ የመጣ አልነበረም። ምት ወንጀል ከሆነ ይኸውላችሁ ማለታቸው ነው።

በ2004 ተለያዩ፣ በ2009 ተመለሱ፣ በ2014 ዳግም ተለያዩ፣ በ2017 ታረቁ። በ2018 ባወጡት «ሞንስተርስ ኤግዚስት» አልበም መዝጊያ ላይ ሳይንቲስቱ ብራያን ኮክስ ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ያስተምራል። እዚህ ላይ ቅር ይለኛል። ያለ ቃል ይናገር የነበረ ሙዚቃ አስረጂ መምህር ሲቀጥር፣ ያው አድማጩን መጠራጠሩ ነው።

ወዳጆቼን የምረታው ግን በ2012 ነው። በለንደን የፓራሊምፒክ መክፈቻ ላይ ኦርቢታል ሲጫወቱ ከሙዚቃው ጋር የተሰማው የስቲፈን ሆኪንግ ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ የሚያወጣው ማሽን ነው። የሚናገረው ሰው አይደለም ያለ ግን አልነበረም።