ሰዓት፣ ሜዳሊያ እና ያልተቆጠረው፦ የኢትዮጵያን ሯጮች በቁጥር ስለማበላለጥ

የኢትዮጵያ የምንጊዜም ታላቅ ሯጭ ማን ነው? ጥያቄው ሁለት ዓይነት መልስ ለምዷል። አንደኛው ከትዝታ ይነሳል፤ የሮምን ድል የሰማ ትውልድ አበበ ቢቂላን፣ የሞስኮን ያየ ምሩፅ ይፍጠርን፣ የሲድኒን ያየ ኃይሌ ገብረሥላሴን ይጠራል። ሁለተኛው ሜዳሊያና ክብረ ወሰን ደምሮ ደረጃ ያወጣል፤ ከወገንተኝነት የጸዳ ፍርድም ይመስላል። ይህ ዳሰሳ የሚሞግተው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሯጩ ያገኘውን ብቻ እንጂ የማግኘት ዕድል የተሰጠውን አብሮ የማይቆጥር ስሌት ዘመንን እንጂ ሰውን አይመዝንም። (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የቤዝቦል ትምህርት

ስፖርተኛን በአኀዝ በመመዘን ረገድ የአሜሪካ ቤዝቦል ተንታኞችን የሚስተካከል የለም። ቢል ጄምስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስፋፋው የትንተና ስልት አንድ ጠቃሚ ልማድ አጽንቷል፦ ተጫዋችን በቀጥታ ከሌላ ዘመን ሰው ጋር ከማጋጠም በፊት ከዘመነኞቹ ጋር ማነጻጸር። ቤብ ሩት በ1920 ኳሷን 54 ጊዜ መትቶ ከአጥር ውጭ ጣላት። ባሪ ቦንድስ በ2001 73 ስላደረሰ የሩት ቁጥር ዛሬ ትልቁ አይደለም። ነገር ግን በሩት ሊግ ከነበሩት ሌሎች ሰባት ቡድኖች አንዱም፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ተደምረው፣ 54 አልደረሰም። ታላቅነቱ ያለው በዚህ ርቀት ላይ ነው።

የሰዓት ሚዛን

ሩጫ ከቤዝቦል ይልቅ ለቁጥር የሚመች ይመስላል፤ 5 ሺህ ሜትር የትም 5 ሺህ ሜትር ነውና። ሰዓቱን የሚያስገኘው ሁኔታ ግን ይለያያል። ኃይሌ በ1998 በሄልሲንኪ 12:39.36 ገባ፤ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 በሄንግሎ 12:37.35 አደረገው። ይህንን ክብረ ወሰን የሰበረው ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 በሞናኮ 12:35.36 ሲገባ ግን ከመሙ ዳር ፍጥነቱን የሚነግረው መብራት ነበረው። የጫማው ቴክኖሎጂም ተቀይሯል። ከ16 ዓመት በኋላ የተገኘው ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ልዩነት ምን ያህሉ የእግር፣ ምን ያህሉ የመብራትና የጫማ እንደሆነ ሰዓቱ ራሱ አይናገርም።

ስለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ አዲሱ ክብረ ወሰን ከቀድሞው የራቀበትን መጠን በመቶኛ ማስላት ይሻላል። በዚህ ስሌት የኃይሌ ትልቁ ቀን የ1998ቱ ሳይሆን የ1995ቱ የዙሪክ ምሽት ነው፤ የኬንያዊውን ሞሰስ ኪፕታኑይን 12:55.30 ወደ 12:44.39 ሲያወርድ ልዩነቱ 1.4 በመቶ ነበር። የቀነኒሳ የ2004ቱም ሆነ የቼፕቴጌ የ2020ው ልዩነት 0.26 በመቶ ብቻ ነው። አልማዝ አያና በ2016 በሪዮ 29:17.45 ገብታ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያ የ10 ሺህ ክብረ ወሰን በ0.8 በመቶ አሻሽላለች። አበበም በ1964 በቶኪዮ ሁለተኛውን በ4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ፣ ማለትም በ3 በመቶ ቀድሞታል፤ ይህ ግን ከተፎካካሪ የተወሰደ ርቀት ስለሆነ ከክብረ ወሰን ልዩነት ጋር በአንድ ዓምድ ሊቀመጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ቅልቅል በየደረጃ ሠንጠረዡ የሚታይ ስሕተት ነው።

የክብረ ወሰን ብዛትም ጥንቃቄ ይሻል። ለኃይሌ የሚጠቀሱት 27 ክብረ ወሰኖች እምብዛም የማይሮጡ ርቀቶችን ይጨምራሉ። ከ27ቱ ይልቅ ክብደት ያለው ሐቅ በ1994 በ5 ሺህ የጀመረው የክብረ ወሰን ጉዞ በ2008 በበርሊን ማራቶን፣ በ2:03:59፣ መድረሱ ነው።

የሜዳሊያ ሚዛን

ሜዳሊያ የሚሰጠው ውድድር ሲኖርና አገር ሲሳተፍ ነው። የአትሌቲክስ የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1983 ነው፤ ስለዚህ አበበና ማሞ ወልዴ በዚያ ዓምድ ያላቸው ዜሮ የውድድሩ አለመኖር እንጂ የእነሱ ድክመት አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1976፣ ከ1984 እና ከ1988 ኦሊምፒኮች ራሷን አግልላለች። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ በ1977 እና በ1979 የዓለም ዋንጫ ውድድሮች 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸንፎ፣ በ1980 በሞስኮ ሁለቱን ወርቅ ወሰደ። በሞንትሪያል 1976 ግን ሊሮጥ አልቻለም። በሜዳሊያ ድምር ብቻ ከተመዘነ፣ መንግሥታት በወሰኑት ውሳኔ ሯጩ ደረጃውን ያጣል።

ሴቶች ላይ ጉድለቱ ይበረታል። ለሴቶች የኦሊምፒክ 10 ሺህ የገባው በ1988፣ 5 ሺህ ደግሞ በ1996 ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ስትነግሥ፣ በኋላ ጥሩነሽ ዲባባ በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈቻቸው ሁለት ርቀቶች ጎን ለጎን አልነበሩም። በተቃራኒው ቀነኒሳ በዓለም አገር አቋራጭ በግሉ ካገኛቸው 11 የአዋቂ ወርቆች አምስቱ የአጭር ርቀት ናቸው፤ ይህ ዘርፍ የኖረው ከ1998 እስከ 2006 ብቻ ነው። ከዘርፉ በፊትም በኋላም ለመጡ ዕድሉ አልነበረም።

ዕድሉ ሲስተካከል ግን የሜዳሊያ ቁጥር ደፋር ነገር ይናገራል። ጥሩነሽና ቀነኒሳ በአንድ ዘመን፣ በተመሳሳይ ሁለት ርቀቶች፣ በተመሳሳይ መድረኮች ሮጡ። እያንዳንዳቸው ሦስት የኦሊምፒክና አምስት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላቸው፤ ስምንት ለስምንት። ሆኖም የ«ማን ይበልጣል» ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ በኃይሌና በቀነኒሳ መካከል ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ሁለት ርቀት እያሸነፈች ከቀነኒሳ ጋር በእኩል የቆመችን ሴት ከክርክሩ ያስወጣት ልማድ እንጂ አኀዝ አይደለም።

ከመዝገቡ ውጭ

እስካሁን የተባለው ሁሉ መዝገብ ውስጥ ለገቡት ነው። በ2003 የታተመና 114 የኢትዮጵያ ምርጥ ሯጮችን ያካተተ ጥናት፣ ከማራቶን ሯጮቹ 38 በመቶ የሚሆኑት የአርሲ ተወላጆች እንደነበሩ፣ የአርሲ ሕዝብ ግን ከአገሪቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበረ አሳይቷል። ይህን በከፍታ ብቻ ማስረዳት አያስኬድም። በጋሞ ዞን የጉጌ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ካምባም በተራራማ አገር ናት። አየሩና ዳገቱ ለአርሲዋ የሯጮች ከተማ ለበቆጂ ብቻ አልተሰጠም። አሠልጣኝ፣ ክለብ፣ መምና በሰዓት የሚመዘገብ ውድድር ግን በየቦታው እኩል አልተዘረጋም። አንዱ አካባቢ ሻምፒዮን ካፈራ በኋላ ፈላጊውም አሠልጣኙም ወደዚያው ይሳባል፤ ቁጥሩም ራሱን ያረባል። የካምባ ልጅ ሰዓቱ ካልተለካ በሠንጠረዡ ላይ ደካማ እንኳ ሆኖ አይታይም፤ ከነጭራሹ የለም።

መዝገብ ሊሻሻል እንደሚችል የቤዝቦል ታሪክ ያሳያል። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ለረጅም ዘመን ጥቁሮችን ያገለለ ነበር፤ በ2024 የጥቁሮቹን ሊጎች ስታቲስቲክስ ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋሕድ ጆሽ ጊብሰን በ.372 የኳስ መምታት አማካይ የታይ ኮብን .367 አልፎ አንደኛ ሆነ። ጊብሰን ከሞተ 77 ዓመት አልፎት ነበር። የተቀየረው ተጫዋቹ ሳይሆን የመቁጠሪያው ክልል ነው።

የሚዛኑ ፍርድ

ይህ ሁሉ «ማበላለጥ አይቻልም» አያሰኝም። ሁለቱን ዋና ርቀቶች በክብረ ወሰን ከ15 ዓመት ያላነሰ መያዝ፣ አገር አቋራጭን መግዛት፣ በ37 ዓመት ዕድሜ በ2019 በርሊን ማራቶንን በ2:01:41፣ በወቅቱ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ርቆ መጨረስ ተደምረው በስፋት ሚዛን ቀነኒሳን ያስቀድማሉ። ዘመንን አንድ እርምጃ በማስፈንጠር ኃይሌ፣ በሴቶች በወጥነት ጥሩነሽ፣ ከተከለከለ ዕድል አንጻር ደግሞ ምሩፅ ይቀድማሉ። ወደፊት የሚወጣ የደረጃ ሠንጠረዥ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የወርቁን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሯጩ መሰለፍ ይችል የነበረባቸውን ዋና ውድድሮች ቁጥር ማስፈር አለበት። ያ ዓምድ ከሌለ አንባቢ ሠንጠረዡን የታላላቅ ሯጮች ሳይሆን የተመቻቸላቸው ሯጮች ዝርዝር አድርጎ ቢያነበው ትክክል ነው።