ያልታሰበ ወዳጅነት፤ ስለ እጅጋየሁ ሽባባው ዜማ

በታች ጋይንት በአርብ ገበያ አዝማሪ የሚመዘነው በጣቱ ቅልጥፍና ብቻ አይደለም፤ አድማጭ ግጥም ይሰጠዋል፤ የተቀበለውንም ቃል ሳያዛባ ከማሲንቆው ጋር እንዲያስማማው ይጠብቅበታል። በእንዲህ ያለ ሚዛን ያደገ ጆሮ ባስ ጊታርና ሳክስፎን የከበቡትን ዘፈን ይወዳል ተብሎ አይጠበቅም። እኛ ግን የእጅጋየሁ ሽባባው ወዳጆች ሆነናልና ምክንያቱን መመርመር ይገባናል።

ቻግኒ የተወለደችው ይህች ድምፃዊት ግጥምና ዜማ ራሷ የምትደርስ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. «ጂጂ» በሚል ስም የወጣውን አልበሟን ያቀናበረው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ሲሆን፥ ሄርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተጫውተውበታል። ከዘፈኖቹ አንዱ «ጉራማይሌ» መባሉ ለሥራው ሁሉ የተገባ ስም ነው፤ በጉራማይሌ ድድ ላይ የተነቀሰውና ያልተነቀሰው ተራ በተራ ይታያል እንጂ አንዱ ሌላውን አይውጠውም። «ዓድዋ» በተባለው ዘፈኗም ለነጻነት የወደቁትን ስታመሰግን፥ መሣሪያው ቃሉን ተሸከመው እንጂ አልተጫነውም።

ፍቅራችን ግን ወሰን አለው። በ2003 ላስዌል ያንኑ አልበም «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ እንደገና ሲያቀናብረው፥ የዘፋኟ ድምፅ ወደ ኋላ ርቆ ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ሆነ። ቅንብሩ ያማረ ነው፤ ቃሉ ሲርቅ ግን ልባችንም አብሮ ራቀ።

እንግዲህ የማረከን ቃሉ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ስለዚህ ወጣት የዘፈን ደራስያን ጊታር ቢያነሡ አንነቅፍም፤ አስቀድመው ግን ግጥማቸውን በማሲንቆ ብቻ፥ ግጥም በሚያውቅ አድማጭ ፊት ይፈትኑት ዘንድ እንመክራለን።