ሰብለ ወንጌልን ማን ጠየቃት?

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ወጣት ቢኖር እንኳ ስሙን ያልሰማ አይገኝም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ስለ ተረከው፥ ፊደል ያልቈጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተው አልቅሰውበታል። ስለዚህ ታሪኩን ከሥር ጀምሬ አልተርክም። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የማስበው ብዙ አንባቢ ልብ የማይለውን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማን ይናገራል፥ ማንስ ይጠየቃል የሚለው ነው።

ይህን መጽሐፍ ለብዙ ዓመት በክፍል ውስጥ አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼን «የሰብለ ወንጌል መከራ ምንጩ ምንድር ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው «የዘር ኩራት ነው» ይሉኝ ነበር። መልሱ ሐሰት አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ሁሉ በአጥንት እየመዘኑ ሲመልሱ የማግቢያ ዕድሜዋ እንዳለፈ ደራሲው በግልጥ አሳይተውናል። ነገር ግን ልጆቼ፥ ደግማችሁ ተመልከቱ። ያ ሁሉ አማላጅ ሲመጣና ሲመለስ ነገሩ የሚያልቀው በአባትና በሽማግሌዎች መካከል ነው። ፊታውራሪ የተመኙትን ዓይነት ባለ አጥንት አማች አግኝተው ቢሆን ኖሮ፥ ልጅቱ ያው ሳትጠየቅ ትሰጥ ነበር። እንግዲያስ ኩራቱ ቢወገድም የችግሩ ግማሽ በቦታው ይቀራል ማለት ነው።

ፊታውራሪ ቃል የሚሰጡ እንጂ ቃል የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። ገበሬዎቻቸው ከደንቡ በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም ባሉ ጊዜ፥ ነገሩን ሰምቶ በመመለስ ፈንታ ሊወጉአቸው ወጡ፤ መጨረሻውም በእነ አበጀ በለው እጅ መውደቅ ሆነ። ገበሬው መሣሪያና ጓደኛ ነበረው፤ ስለዚህ እምቢታው ተሰማለት። ሰብለ ግን ምን ነበራት? ሴት ልጅ በአባቷ ፊት እምቢ ብትል «ባለጌ» ትባላለች፤ ዝም ብትል «እሺ አለች» ይባልባታል። ዝምታን እንደ ፈቃድ የሚቈጥር ሰው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እምቢታ ሳይሰማ ሊሞት ይችላል።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነውና። በዛብህ ሊያስተምራት ወደዚያ ቤት ሲገባ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ሥልጣን የተዘበራረቀ ነበር። በቤቱ ሥርዓት እርሷ የጌታ ልጅ፥ እርሱ የድኻ ልጅ ነው፤ በሀገሩ ልማድ ደግሞ እርሱ ወንድና መምህር፥ እርሷ ሴትና ተማሪ ናት። እርሷ እንዳታዘው መምህሯ ሆነባት፤ እርሱ እንዳያዛት የጌቶች ልጅ ሆነችበት። ማዘዝ ሲያቅታቸው መነጋገር ጀመሩ። ሰው ሁሉ ፍቅራቸው ከመልክና ከጠባይ የመጣ ነው ይላል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። መምህር በባሕርዩ «ገባሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለሰብለ «አልገባኝም» ብትል ነውር የማይሆንባት የመጀመሪያው ቦታ ያ የንባብ ሰዓት ነበር። ያቺ ትንሽ ጥያቄ ሌሎች ጥያቄዎችን ወለደች። (መምህርና ተማሪ መፋቀራቸውን ግን ለአርአያነት አልጠቅሰውም፤ ዛሬ በትምህርት ቤት ይህን የሚያደርግ መምህር ከሥራው ሊሰናበት የሚገባው ሰው ነው።)

እኛ ራሳችን እንዴት እንዳደግን ባስታውስ፥ የሰብለ ቤት ብዙ የራቀ ሆኖ አይታየኝም። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንዶች በቀኝ ሴቶች በግራ ተቀምጠን መዝሙር አብረን እንዘምራለን፤ በዕረፍት ሰዓት ግን ብንነጋገር እንቀጣለን። እንዲህ ሆነን አድገን ተጋባን። በየቤቱም ሚስት ባሏን «እርስዎ» ትለዋለች፥ ስሙን ለመጥራት ስለምታፍር «የእገሌ አባት» ትለዋለች፤ እርሱ «አንቺ» ይላታል። አክብሮት መልካም ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አክብሮት ግን ከመታዘዝ በምን ይለያል? ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ያጸና ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የሁለቱንም ፈቃድ ቢጠይቅም፥ ከተጋቡ በኋላ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ፥ ሚስት ሕግን በማይጥስ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ የማግቢያ ዕድሜም ለወንድ 18 ለሴት 15 ነበረ። ይህን የለወጠው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ሁለቱን እኩል ካደረገ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ንግግራችን ግን ገና አልደረሰበትም።

ደራሲውን የምወቅስበት ነገር አለኝ። የሀገሩን ሥርዓት መርምሮ ክፉውን ክፉ እንዲል የተደረገው ጉዱ ካሣ ነው። ንግግሩ ግሩም ነው፤ የሚነጋገረውም ከበዛብህ ጋር ነው። ሥርዓቱ ከሁሉ ይልቅ የተጫናት ሰብለ ግን ታፈቅራለች፥ ታለቅሳለች፥ ትጸናለች እንጂ የምታስበውን እንዲያ ዘርዝራ ስትናገር ብዙ አንሰማትም። ካሣን ሰዎቹ እንደ ዕብድ ቈጠሩት፤ ቢሆንም ሲናገር ተዉት። እርሱ ያለውን አንዲት ሴት ብትለው ዕብድ እንኳ ተብላ የምትታለፍ አይመስለኝም። በዛብህም ቢሆን ያልተጠየቀ ልጅ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ወላጆቹ በሕፃንነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታልና። አንዷን ለአባቷ ክብር፥ ሌላውን ለወላጆቹ ስለት አስቀምጠዋቸው ነበር። ልዩነቱ በዛብህ ሲጨንቀው መንገዱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መሄድ መቻሉ ነው። ሰብለ በኋላ ፍለጋ ስትወጣ የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ወንድ መምሰል አስፈለጋት። ደራሲው ይህን ስለ ጻፉልኝ ወቀሳዬን አለዝበዋለሁ፤ በሴትነቷ ያልተፈቀደላትን መንገድ ወንድ መስላ ስትሄደው፥ ካሣ ከተናገረው ሁሉ ያልተናነሰ ነገር ተነግሮናል።

ለተማሪዎቼ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር፤ «ሽማግሌዎቹ ፊታውራሪን ትተው ሰብለን ጠየቁ እንበል፤ መልሷን ጻፉላት።» ወንዶቹ ገጽ ሙሉ ጻፉ፤ ሁሉም ሰብለን ለበዛብህ ፍቅሯን አስገለጡአት። በኋላ ወንበር የምትቀመጥ፥ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት ልጅ ግን የሰጠችኝ ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ «ከመመለሴ በፊት እኔም የምጠይቃችሁ አለኝ» ይላል።